ለአሮጌዋ ጂፕ የገጠምኩት ጌጅ

ደብረ ማርቆስ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቅ የከፈትኩ ሰሞን ልቤ አብጦ ነበር። አዲስ አበባ ተምሬ፣ እዚያው ጋራዥ ሠርቼ፣ መለኪያዬን በሻንጣ ይዤ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ ማን ይቻለኝ! ሽቦ በጥርሱ የሚልጥ መካኒክ ባየሁ ቁጥር እስቅ ነበር። ዛሬ እኔም በጥርሴ እልጣለሁ።

ሱቁ በተከፈተ በሦስተኛው ወር አንድ ሽማግሌ ሾፌር አሮጌ የእንግሊዝ ጂፕ እየነዱ መጡ። ጂፗ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጋሼ በእሷ ከማርቆስ ይጁቤ፣ ከማርቆስ ደብረ ወርቅ ሰውና እህል ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉትም በእሷ ነው። ከተማው በአንድ ነገር ያውቃቸዋል፤ በበዓል ቀን ባትሪውን ነቅለው፣ ተሸክመው እቤታቸው ያስገባሉ። የሚካኤል ዕለት፣ የማርያም ዕለት ሥራ አይነኩም። ችግሩ ሰው “እባክዎ ጋሼ፣ የዛሬን ብቻ” ሲላቸው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ባትሪው አልጋ ሥር ይገባና “መኪናዋ ባትሪ የላትም” ይላሉ። ውሸትም አይደለም። በማግስቱ መልሰው ይገጥሙታል።

“የሙቀት ጌጇ ሞታለች ልጄ” አሉኝ። “ሁለት ጊዜ አፍልታብኛለች። ሦስተኛ ካፈላች እሸጣታለሁ።”

“እርስዎ? ኧረ ምን ቆርጦዎት!”

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በሁለተኛው ጊዜ የፈላው ውኃ ክንዳቸውን ልጦታል። ባለቤታቸው የነፍስ አባታቸውን ቤት ጠርተው በፊታቸው ቃል አስገብተዋቸዋል፤ አንድ ጊዜ ከደገመች ጂፗ ትሸጣለች፣ ጋሼም ዳግመኛ መሪ አይጨብጡም። በነፍስ አባት ፊት የተገባ ቃል ደግሞ የሚበላ አይደለም። ከዚያ ወዲህ በየዳገቱ ጫፍ እየቆሙ ኮፋኖውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር የሚጓዙት። አንጀቴን በሉት።

“እኔ እያለሁማ አይሸጧትም” አልኳቸው። ከአዲስ አበባ ዲጂታል ጌጅ አስመጣሁ፤ ሙቀቱን በቀይ ቁጥር የሚያሳይ፣ ሲበዛም የሚጮህ።

ኮፋኖውን ስከፍት ግን ደነገጥኩ። ዛሬ የምንሠራቸው መኪኖች ላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው። በእሷ ላይ የታሰረው ፖዘቲቩ ነበር። የድሮ እንግሊዞች እንዲህ ይሠሩ ነበር ሲባል ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የድሮው ጌጅ ሽቦና መርፌ ስለሆነ ብዙም አይጨንቀውም። አዲሱ ግን ሆዱ ስስ ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለበጠበት እዚያው ይቃጠላል።

“ጋሼ፣ መኪናዎ እኮ ተገልብጣ ነው የኖረችው!” ብዬ ሳቅሁ።

“ተገልብጣም አድርሳኛለች” አሉ፣ ሳይስቁ።

ባትሪውን አዙሬ አሰርኩ፣ ለሻማው እሳት የሚልከውን የቦቢናውን ሽቦዎች አቀያየርኩ፣ ዲናሞውንም ከአዲሱ አኳኋን ጋር አስማማሁት። ከአካሉ የሚመጣው ማሰሪያ ለወፍራሙ የፖዘቲቭ ራስ የተሠራ ስለሆነ በቀጭኑ የኔጌቲቭ ራስ ላይ ሰፋ፤ ቁራጭ ቆርቆሮ ጠቅልዬ አጠበብኩት። ጋሼ ከአጠገቤ ቆመው ያያሉ።

“ባትሪውን ምን አደረግኸው?” አሉኝ።

“ካሁን በኋላ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቩ ነው” ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ወይም ቀለም ቀብቶ ምልክት ማድረግ። እኔ ግን “ይሄን ለእኔ ይተዉት ጋሼ፣ የእርስዎ ሥራ መንዳት ነው” አልኳቸው። ለበዓል ባትሪ እንደሚነቅሉ እንደ ማንኛውም የከተማው ሰው አውቃለሁ። ማወቁን አውቃለሁ፣ ግን ትዝም አላለኝ።

ጌጁ ሠራ። ቁጥሩ ሰማንያ ሁለት ሲል ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ይጁቤ ደርሰው ሲመለሱ “ዳገቱ ላይ ዘጠና አምስት ገባች፣ ቆምኩላት፣ ወረደች” እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወራሉ። እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሳምንት ሳይሞላ የማርያም ዕለት ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ጌጁ ጠቁሯል፣ መኪናዋ ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ባትሪውን እጃቸው ለሠላሳ ዓመት እንደለመደው ገጥመውታል፤ የጠቀለልኳትን ቆርቆሮም ቆሻሻ መስላቸው ጥለዋታል። ሱቁ ውስጥ ስድስት ሰባት ደንበኛ ነበር።

“ማን ንኩት አለዎት?” ብዬ ጮኽኩ። “ስንት የደከምኩበትን! በማያውቁት ነገር ለምን ይገባሉ?”

አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ሁሉም እየሰማ፣ “ይቅርታ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አርጅቻለሁ” አሉ። እኔ ምን አልኩ? “እንግዲህ ምን ይደረጋል” ብዬ ይቅርታቸውን ተቀበልኩ።

ሌላ ጌጅ እስኪመጣ መኪናዋ እንድትቆም ተስማማን። አንድ ሳምንት ቆመች። ከዚያ ደብረ ወርቅ ያሉ አንድ የቅኔ መምህር ታመው፣ ማርቆስ ሆስፒታል የሚያመጣቸው መኪና ጠፋ። ጋሼ ተለመኑ፤ እምቢ ማለት አቃታቸው። የታመሙትን የኔታ ይዘው በየዳገቱ እየቆሙ ኮፋኖ መዳበስ አልሆነላቸውም። መንገድ ላይ አፈላች፣ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታው፣ ተሰነጠቀ። የኔታ በሌላ መኪና ደርሰው ዳኑ። ጂፗን ግን የደምበጫ ነጋዴ ገዝቶ፣ በጭነት መኪና ጭኖ ወሰዳት።

ሁለተኛው ጌጅ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ካርቶኑን ሳልከፍት አየሁት። በአራተኛው ቀን ጋሼ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ መደብ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

“ጋሼ፣ ያን ዕለት ባትሪውን ምን አደረግኸው ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አልነገርኩዎትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“አውቃለሁ” አሉ።

“መቼ አወቁ?”

“ጌጇ ስትጨስ። ለካ ገልብጦታል አልኩ።”

“ታዲያ ሰው ፊት ስጮህብዎ ለምን ጥፋቱን በራስዎ ላይ አደረጉት?”

“ሱቅህ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ይሰማ የለ።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። በዚህ መሃል ባለቤታቸው እትዬ ጠላ ይዘው ወጡ። “ምንድን ነው የምትጫወቱ?” ሲሉ ጋሼ ቶሎ ብለው “ስለ ሥራው ነው” አሉ። እትዬ “የማይነካ ነክተህ” እያሉ ባላቸውን ሲወቅሱ እንደከረሙ ጎረቤት ነግሮኛል። ስለዚህ ለእሳቸውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ጠላውን አስቀምጠው ባላቸውን አዩ።

“ለምን አልነገርኸኝም?”

“ብነግርሽ ሱቁ ድረስ ሄደሽ ትጮሂበት ነበራ።”

“አዎ፣ እጮህበት ነበር!” አሉና ወደ እኔ ዞረው ጎረቤት እስኪወጣ ጮኹብኝ።

“ተይው እንጂ፣ ልጅ ነው” አሉ ጋሼ።

“ይተዉዋቸው ጋሼ” አልኩ አንገቴን እንደደፋሁ፤ “ይጩኹብኝ።”