ሽቦው የት እንደሚያልቅ

በደርግ ዘመን መገባደጃ ላይ ሴት ልጄ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማሽን ትጠግን ነበር። አንድ ቀን ከኮምፒዩተር ሆድ የወጣ፣ ሽቦ የተንጠለጠለበት አረንጓዴ ሰሌዳ በነጠላዋ ጠቅልላ ቤት ይዛ መጣች።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የኮምፒዩተር ነው፣ እማዬ። ቶሎ ቶሎ እየላከ ማተሚያው መቀበል አቃተው። መበየጃዬ እዚህ ስለሆነ ፍጥነቱን ልቀንስለት ነው።»

ይልካል እንግዲህ! ከኛ ጓሮ ያለው ጎረቤታችን ጣሪያው ላይ ሽቦ ተገኘ፣ የሬዲዮ መገናኛ ደብቀሃል ተብሎ ተወስዶ በዚያው ቀርቷል።

«ለማን ነው የሚልከው?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ሳቀችብኝ። «ለማተሚያው ነዋ! ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስታጎርሺው አይተፋም? እንደዚያ በይው።»

ነገሩ ገባኝ፤ ልቤ ግን አላመነም። እሷ ስትበይድ እኔ በር ላይ ቆሜ የአብዮት ጥበቃዎቹን መምጫ ስጠብቅ ዋልኩ።

በማግስቱ ሰሌዳውን ይዛ ስትሄድ የምሳ ዕቃዋን ሆን ብዬ አስቀረሁና እሱን ላድርስ ብዬ ተከተልኳት። ስደርስ ማተሚያው እየተንቋቋ ወረቀት ይተፋል፤ ፊደሎቹ አንድም ሳይዘሉ ተደርድረዋል። ባልደረቦቿ «እናታችን፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ሰሌዳው ከገባበት ኮምፒዩተር የወጣውን ሽቦ በጣቴ ይዤ ተከተልኩት። በጠረጴዛው ሥር አልፎ ማተሚያው ጀርባ ላይ አለቀ።

«እማዬ፣ ምን እየፈለግሽ ነው?» አለች ልጄ አፍራ።

«አቧራ አለው» አልኳት። ስወጣ ግን ግቢው ውስጥ ቆም ብዬ ጣሪያውን አንጋጥጬ አየሁ።