በርሜሉ ውስጥ ያለው ቫይረስ

ጓደኛዬና እኔ አሰላ ስንማር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ስንጨርስ እኔ እዚያው ከተማ ላቦራቶሪ ገባሁ፤ እሷ ከኢተያ ወጣ ባለ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና እዚያው አግብታ ወለደች።

ትንሿ ልጇ በተቅማጥ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ አብሬያት ሳስታምም፣ "የምንጠጣው እኮ ከብት የሚዋኝበት ወንዝ ነው፤ አንቺ የተማርሽው ለመቼ ነው?" አለችኝ።

ልጅቷ ዳነች። እኔ ግን ያ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ላቦራቶሪያችን ያኔ ባክቴሪያን ብቻ እየፈለገ በሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ይሠራ ነበር። ቫይረሱ ላይ ብርሃን ሲያገኘው የሚነቃ ቀለም እናያይዛለን። ቫይረሱ ባክቴሪያውን አግኝቶ ይጣበቅበታል፤ መብራት ሲበራ ቀለሙ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ይህን ለጓደኛዬ ስነግራት ሳቀች።

"ቫይረስ ለኛ ሲሠራልን ልናይ ነው በይኛ!"

የወንዙን ውሃ በርሜል ሞልተን እሷ በምትሠራበት ጤና ኬላ ግቢ መሞከር ጀመርን። ውሃው ለሙከራ እንጂ ለመጠጥ አልነበረም፤ በርሜሉን ያጠረችው፣ ቁልፉንም የያዘችው እሷ ናት። ናሙናው ውስጥ የሞቱትን ባክቴሪያዎች በማይክሮስኮፕ ሳሳያት እንደ ልጅ እልል አለች።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። ከአሰላ የመጣችው ሴት ውሃችን ውስጥ ቫይረስ ጨመረች ተባለ። ሕዝቡ ጤና ኬላው ፊት ለፊት ተሰበሰበ። የኔ ኦሮምኛ ከገበያ አያልፍም፤ ስለዚህ እሷ ልታስተረጉምልኝ አጠገቤ ቆመች።

አንድ አዛውንት ሃጂ በአማርኛ ጠየቁኝ፤ "ልጄ፣ እውነት ቫይረስ ነው?"

"አዎ አባቴ። ግን ሰው አይነካም። እርስዎን የሚያሳምምዎትን ባክቴሪያ ነው የሚገድለው። ደግሞ ይህን ውሃ ማንም አይጠጣውም።"

ወደ እሷ ዞርኩ፣ እንድትነግራቸው። ፊቷ አመድ መስሏል። ሕዝቡን እያየች፣ "አኒስ ሂንቤክኔ" አለች።

ይህን ለመረዳት ብዙ ኦሮምኛ አያስፈልግም። እኔም አላወቅሁም ነው ያለችው።

በየትኛው ቋንቋ ልከራከር? የተናገረችው የገዛ ሠራተኛቸው፣ የልጆቻቸው ከታቢ ናት። ወጣቶች አጥሩን ነቅለው በርሜሉን ገለበጡት። ሃጂው ማንም እንዳይነካኝ ከፊቴ ቆመው የላቦራቶሪያችን መኪና ድረስ ሸኙኝ።

ሙከራው ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ሥራችን ከላቦራቶሪው አልወጣም። ጥቂት ቀናት ጠብቄ ደወልኩላት።

"ለምን?" አልኳት።

"አንቺ ወደ አሰላ ትመለሻለሽ። እኔ እዚሁ ነው የምኖረው" አለች።

"አስረጅልኝ ብቻ ነበር ያልኩሽ።"

"አውቃለሁ" አለች። ይቅርታ አላለችም።

ፍርሃቷ ይገባኛል። ተቆጥተው የመጡትን ሰዎች እኔም አይቻለሁ። ያልወጣልኝ አብረን ስናየው እልል ያለችበትን ነገር፣ አጠገቤ ቆማ እንደማታውቀው መካዷ ነው። ቀበሌው እስካሁን ከወንዙ ይጠጣል፤ ልጇም ጭምር።

እኔ አሁን ሰፈር ለሰፈር ስለ ውሃ ላስረዳ ስወጣ አስተርጓሚ አልይዝም። ኦሮምኛዬ ይንተባተባል፣ ሴቶቹ እየሳቁ ያርሙኛል፣ እኔም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንደገና እጀምራለሁ።