ሐዘኔን ከአሥር ሳርም

ልጃችንን ከመሰላ ገበያ ሲመለስ አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ወዲህ ወሬው ጠፋ። እኔም አልጋዬ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። አሰበ ተፈሪ ከተማ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሁለትና ሁለት ሲደመር ስንት እንደሆነ ሲጠፋኝ ርእሰ መምህሩ «እስኪሻልህ እረፍ» ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። ተማሪዎቼ ሳይደሰቱ አልቀሩም።

ባለቤቴ ግን ፈራች። ልጇ ሄዷል፤ አሁን ደግሞ ባሏ ዓይኗ እያየ ሊሄድባት ነው። እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

«ለሐዘን የሚሆን መድኃኒት አልተላከልንም» አለ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር። «በየጠዋቱ ዳገቱን ይውጡ፣ መምህር። ከመውጣትዎ በፊት ለልብዎ ከአሥር ስንት እንደሚሰጡት፣ ወርደውም ስንት እንደሚሰጡት ይንገሩኝ። እንቅስቃሴው ይርዳዎት አይርዳዎት በዚያ እንለካለን።»

ስንቱን ልጅ በፈተና ስጥል ኖሬ ራሴን ላርም! በማግስቱ ከቤት ስወጣ ለልቤ አንድ ሰጠሁት፤ እሱንም አዝኜለት።

ዳገቱ ላይ ጫት የሚያለማ ወዳጅ ነበረኝ። መምህርነቴን አክብሮ በኦሮምኛ «በርሲሳ» ነው የሚለኝ። «በርሲሳ! ና አቦ፣ አረፍ በል!» ብሎ ቀንበጥ ዘረጋልኝ። እምቢ ማለት ለሰላምታ የተዘረጋን እጅ መግፋት ነው። ቃምኩ። ስወርድ ልቤ ዘጠኝ አመጣ! ድሬሰሩ በደስታ ጨበጠኝ። ስለ ቀንበጡ አልነገርኩትም፤ መደበቄ አልነበረም። ጫት እኛ ዘንድ እንደ አየር ነው፤ አየር ስቤ መጣሁ ብሎ ለሐኪም የሚናገር ማን አለ?

በየጠዋቱ ዘጠኝ። ከሰዓት በኋላ ምርቃናው ሲለቀኝ ግን ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ልጄን ስቀብር እውላለሁ። ያንን ሰዓት የሚለካ አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ፣ ያን ዘጠኝህን የት ጥለኸው ነው የምትመጣው?» አለች ባለቤቴ። «እኔ ቤት አንድ ቀንም አልገባ!»

እጄን ይዛ ድሬሰሩ ዘንድ ወሰደችኝ። ሲያየኝ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው።

«መምህር፣ ጥርስዎ አረንጓዴ ነው። እስካሁን የለካነው ጫቱን ነው ማለት ነው።»

ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ አቀረቀርኩ።

በማግስቱ ባለቤቴ ልትጠብቀኝ አብራኝ ወጣች። ወዳጄ ቀንበጡን ሲዘረጋ «ታሟል» አለችው። እሱም ወደ ራሱ አፍ መልሶ «አላህ ያሽረው» አለ።

አናቱ ላይ ደረስን። ደረቴ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ራሴን መረመርኩ፤ ከቤት ስወጣ አንድ ነበርኩ።

«ሁለት ሳልሆን አልቀርም» አልኳት።

«የእኔስ?»

የእሷን ልብ ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። እሷ ቁልቁል የሐረርን መንገድ ታያለች። ልጃችንን የጫነው መኪና የሄደው በዚያ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ጮኻ አለቀሰች፤ ያን ሁሉ ወር ቤት ውስጥ ሰምቼው የማላውቀው ልቅሶ።

«እቤት ብጀምረው አንተም ትሞትብኛለህ ብዬ ነው» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀልድ ፈለግሁ፤ ጠፋኝ።

ስንወርድ ድሬሰሩ የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ዛሬስ ስንት መጣ፣ መምህር?»

«እሷን ጠይቃት» አልኩት።

ባለቤቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«እዚያ ላይ ማልቀስ ይቻላል» አለችው። «ነገም እንወጣለን።»