ሚሊሜትር የሳታት አንድ ሜትር

«ሐሙስ ነበር። ቆይ፣ ሐሙስ አይደለም፤ ሐሙስማ ቢሮው ውኃ የለውም፣ ጋሼ ደግሞ በዚያው ቀን እጃቸውን በሳሙና ሲፈትጉ አይቻለሁ። እንግዲያ ረቡዕ ነው። ወይስ ማክሰኞ?»

ካርታ ነዳፊዋ ይህን ታሪክ ባወራች ቁጥር መጀመሪያ ከቀኑ ጋር ትጣላለች። ስድስት ዓመት አለፈው፤ ቀኑ ከእጇ ሾልኳል። ሌላው ግን አልሾለከም። ቀያሹ እስከ ጉልበቱ በጭቃና በተቃጠለ ዘይት ተለውሶ፣ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ የመንደፊያ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመና፣ «አንቺ ልጅ፣ ስቻለሁ» አላት። ያኔ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ግን ቢሮ ከገባችበት ቀን ጀምሮ «አንቺ ልጅ» እንዳላት ነው።

ስቻለሁ የሚለው ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሚሊሜትር እያለ ነው የሚጠራው። ፊት ለፊት አይሉትም፤ እሱ ግን ያውቃል፣ ደስም ይለዋል። የተንጋደደ ነገር ካየ ሳያቀና አያልፍም፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ የሟቹን ፎቶ ሲያስተካክል ታይቷል። በአሥራ ሰባት ዓመቱ የሜትር ጫፍ ያዥ ሆኖ ተቀጠረ፣ በማታ ትምህርት ቀያሽ ሆነ፣ ሁለት ሴት ልጆቹን ያለ እናት አሳደገ። የሰው መሬት ሲለካ ዕድሜውን ጨርሶ የእኔ የሚለው አንድ ስንዝር የለውም፤ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ነው የሚኖረው። በዚህ ሲቀልዱበት፣ «የእኔ ርስት ፊርማዬ ናት፤ ግብር አይከፈልባትም» ይላል።

የሳተው ነገር እንዲገባን ስለ አንድ አሮጌ ሜትር ማወቅ አለብን። ከዚያ ቀን ሃያ ሁለት ዓመት በፊት ቢሮው የነበረው የብረት ሜትር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጫፉ ተበልቶ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች አይነበቡም። ቀያሾች ለዚህ ዘዴ አላቸው። ከዜሮ አይጀምሩም፤ የአንድ ሜትሯን ምልክት ችካሉ ላይ ይይዙና በመጨረሻ ካነበቡት ቁጥር ላይ አንድ ይቀንሳሉ። ሚሊሜትርም የመስክ ደብተሩ ገጽ አናት ላይ «ከአንድ የተጀመረ» ብሎ ይጽፋል። ቢሮ ሲመለስ ቁጥሮቹ ይቀነሳሉ፣ ካርታው ይነደፋል፣ እሱ ይፈርማል። እንደዚያ ከተለኩት መቶ ያህል ቦታዎች አንዱ የአንድ ጋራዥ ቦታ ነበር። ወርዱ አሥራ ሰባት ሜትር ከአርባ መሆን ሲገባው ካርታው ላይ አሥራ ስምንት ከአርባ ሆኖ ወጣ። አንዷ ሳትቀነስ ቀረች።

ያቺ አንድ ሜትር ከሰማይ አልወረደችም። ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊዋ ግቢ ነው የተቆረጠችው። ችካሉ የድሮውን የእንጨት አጥር አልፎ ግቢዋ ውስጥ ሲተከል ሴትዮዋ ጮኸች። ሚሊሜትር ያን ጊዜ ጎልማሳም ኩሩም ነበር። «እትዬ፣ አጥር ይሄዳል፣ ካርታ አይሄድም» አላት፤ አጥር በታደሰ ቁጥር ይገፋል ማለቱ ነው። ካርታውን እያሳየ አልፎ ሄደ። ጋራዡም ችካሉን ተከትሎ የብሎኬት ግንብ ገነባ፤ የልብስ ሰፊዋ መተላለፊያም ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት ስርቻ ሆነ።

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ጋራዡ ሊሸጥ ሆነና ድንበሩ ይረጋገጥልን የሚል ማመልከቻ መጣ። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው ሚሊሜትር አዲሱን መሣሪያ ተሸክሞ ሄደ። ለዓመታት የመኪና ዘይት የጠጣውን መሬት ሲያስቆፍር የድሮው የድንበር ድንጋይ ብቅ አለ፤ ከግንቡ አንድ ሜትር ወደ ጋራዡ ገባ ብሎ።

«አርባ ሳንቲም ቢሆን ድንጋዩን እጠረጥር ነበር» አላት ለነዳፊዋ። «ድፍን አንድ ሜትር ግን የእኔ ናት። አውቃታለሁ።»

ነዳፊዋ ያን ዓመት ቁጥሮችን ማን ይቀንስ እንደነበር ወዲያው ትዝ አላት። የመስክ ደብተሩ ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ወርዳ ልታየው ትችል ነበር። አልወረደችም።

የቅየሳ ክፍሉ ኃላፊ ድሮ ለሚሊሜትር የሜትር ጫፍ ይይዝ የነበረ ሰው ነው። ሁለቱንም አስጠራቸው፤ እሷን የመጀመሪያውን ካርታ ይዘሽ ነይ ብሎ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል፤ ሱሪዬ ዘይት ነው።»

«ይሄን ነገር ማን ጠየቀዎት? ሴትዮዋ ከሳለች?»

«አልከሰሰችም።»

«ጋራዡ ከሷል?»

«ምን ብሎ ይከሳል፣ የበላው እሱ።»

«እንግዲያስ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ይርጋውም ካለፈ ቆየ። እሷም እኮ ረስታዋለች።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

«በተረት አንጣላ ጋሼ። አምስት ወር ነው የቀረዎት። ያለው ችካል ትክክል ነው ብለው ይፈርሙ፤ ኬክ ቆርሰን በክብር እንሸኝዎታለን።»

«ኬኩ ላይ ሚሊሜትር ብላችሁ ትጽፋላችሁ?»

ነዳፊዋ ሳቅ አመለጣት። ኃላፊው አልሳቀም።

«በዚያ ሜትር መቶ ቦታ ነው የተለካው። አንዷን ክር ከመዘዙ ሁሉም ይተረተራል። ነገ መቶ ሰው እዚህ በር ላይ ይሰለፋል።»

«ይሰለፍ። ወንበር አውጣለት።»

ከኃላፊው ወንበር ጀርባ የቀያሾች የሥነ ምግባር ደንብ በመስታወት ተሰቅሏል። ኃላፊው ኮቱን የሚያንጠለጥለው በዚያው ምስማር ስለሆነ፣ ከአንቀጽ አምስት በታች ያለውን ያነበበ እንግዳ የለም። ሚሊሜትር ጠረጴዛውን ዞሮ ኮቱን አወረደና አጣጥፎ ወንበር ላይ አኖረው።

«ዘጠነኛውን አንብብልኝ። መነጽሬን መኪና ውስጥ ትቻለሁ።»

«አውቀዋለሁ ጋሼ።»

«ታውቀዋለህማ፣ እኔ ነኝ ያስጠናሁህ።»

ነዳፊዋ በልቧ አነበበችው፤ «ቀያሽ በገዛ ሥራው ላይ ስህተት ባገኘ ጊዜ ለሚመለከታቸው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ያስታውቃል» ይላል።

«ደንብ ግድግዳ ላይ ነው የሚያምረው» አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው አውርደውና የቀን መቁጠሪያ ስቀልበት። እሱን ቢያንስ በየወሩ ትገልጠዋለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ነዳፊዋን አስከትሎ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። በመተላለፊያው ሁለቱም በጎናቸው ነው የገቡት፤ የካርታው ጥቅል ከግንቡ ጋር እየተፋተገ። ሴትዮዋ አርጅታለች፤ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ግን አላቆመችም። እሱ ድንጋዩን፣ የተበላውን ሜትር፣ ሳይቀነስ የቀረውን ቁጥር ሁሉ ከላይ እስከ ታች ነገራት።

«ባጭሩ፣ እርስዎ ልክ ነበሩ። እኔ ተሳስቼ ነበር» ብሎ ጨረሰ።

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ልክ እንደነበርኩማ አውቃለሁ። ያላወቅከው አንተ ነህ።»

«እውነትዎን ነው።»

«ባለቤቴ የታመመ ጊዜ ቃሬዛው በዚህ አልዞር ብሎ ወንበር ላይ አስቀምጠን ነው ያወጣነው። እንደ ዕቃ። በዚያው ቀረ። አጥር ይሄዳል አልከኝ፤ የሄደው እሱ ነው።»

ነዳፊዋ መሬት መሬቱን አየች። ሚሊሜትር ግን ዓይኑን ከሴትዮዋ አልነቀለም። «ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም» አለ። «መጀመሪያ ሜትሯን ላምጣ።»

«አምጣና እናያለን። ስትወጣ በጎንህ ነው፣ ግንቡ ትከሻህን እንዳይልጠው።»

በዚያው ሳምንት ሦስት ደብዳቤ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ተየበ፤ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለጋራዡ ባለቤትና ፈቃድ ለሚሰጠው የሙያ ቦርድ። ሽያጩ ቆመ። ኃላፊው መሣሪያውን ቀማውና ከሽንት ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ ሰጠው። ወሬው በየክፍሉ ዞረ፤ «ሰማችሁ? ሚሊሜትር ሜትር ሳተ!» ይባባሉና ይስቃሉ። እሱ በፊት ሁለት ሰዓት ይገባ የነበረው ለሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ መግባት ጀመረ። ነዳፊዋ ለምን ስትለው፣ «ሰነፍ ነው ያባረሩት እንዳይሉኝ» አላት።

ቦርዱ የተሰበሰበው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ኃላፊውና ነዳፊዋም ተጠርተዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰዎች፤ ሰብሳቢው የድሮ ቀያሽ። ሚሊሜትር ከደብዳቤው ጋር ያያያዘው የፈረመበትን ካርታ ብቻ ነበር። የመስክ ደብተሩን ይዞ የመጣው ኃላፊው ነው።

«የጋሼ የመስክ ሥራ ንጹሕ ነው» አለ፣ ገጹን ገልጦ። «ይኸው፣ አናቱ ላይ ‹ከአንድ የተጀመረ› ይላል። የጋራዡ ወርድ የወደቀው ግን በሚቀጥለው ገጽ ላይ ነው፤ እዚያ ማስታወሻው አልተደገመም። ቁጥሮቹን የምትቀንሰው ነዳፊዋ ነበረች፤ ገጹን ስትገልጥ ረስታለች። ጋሼ ራሳቸውም ያውቁታል፤ ደብተሩን ከእኔ በፊት አውጥተው አይተውታል፣ መዝገቡ ላይ ፈርመዋል። የአንዲት ሠራተኛ ዝንጋታ ነው፤ ሌሎቹን ቦታዎች የሚነካ ነገር የለውም።»

ኃላፊው ሚሊሜትርንም ቢሮውንም በአንድ ጊዜ ማዳኑ ነበር። ነዳፊዋ ደብተሩን ከሩቅ አየችው። ከቀለሙ ጎን ያሉት ትናንሽ የእርሳስ ቁጥሮች የሃያ አራት ዓመት ልጅ እያለች የጻፈቻቸው ናቸው። ማንም ሳያዛት ተነሳች።

«አዎ፣ የእኔ እጅ ነው» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኾ ወጣ።

«ተቀመጪ» አላት ሚሊሜትር ሳይዞር። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው፣ «ካርታው ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

«ያንተ ነው።»

«ደንቡ ተጠያቂ የሚያደርገው የቀነሰውን ነው የፈረመውን?»

«የፈረመውን።»

«እንግዲያው ምን እናወራለን? እሷ አንዲት ቁጥር ዘለለች። እኔ አጥሩን በዓይኔ እያየሁ፣ ሴትዮዋ እየጮኸች፣ ልመለስና ልለካ ሳልል ሄድኩ። የቱ ነው ዝንጋታ፣ የቱ ነው ጥፋት?»

ኃላፊው፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው» አለ።

«ለእኔ ብለህ ከሆነ መቶውን አስለካ። ገጽ የተገለጠበት መስመር ሁሉ ይመርመር። እናንተ ካልለካችሁ ጡረታ ወጥቼ እኔው በእግሬ እየዞርኩ እለካለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ?» አለ ሰብሳቢው።

«ለመሳት ያልከለከለኝ ዕድሜ ለማረም አይከለክለኝም።»

ሁሉንም አስወጥተው ግማሽ ሰዓት ተማከሩ። ውሳኔው አጭር ነበር። የጋራዡ ካርታ ይሰረዛል፤ አንድ ሜትሯ ወደ ልብስ ሰፊዋ ትመለሳለች፤ የቀያሹ ፈቃድ ለሁለት ዓመት ይታገዳል። ሦስት ወር ለቀረው ሰው ሁለት ዓመት ማለት ለዘላለም ማለት ነው። የቀሩት ቦታዎች ጉዳይ ይጠና አሉ።

«ይጠና ማለት ይተኛ ማለት እንደሆነ እኔም እዚህ መሥሪያ ቤት ነው ያረጀሁት» አለ ሚሊሜትር። ከኪሱ ማህተሙን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ማህተሙ ደብዳቤው እስኪደርስህ አንተ ጋ ይቆይ» አለ ሰብሳቢው፤ አንገቱን ደፍቷል።

«አሁኑኑ ተቀበሉኝና ተቀብለናል ብላችሁ ፈርሙልኝ። ፊርማ ምን እንደሆነ ዛሬ ተስማምተናል።»

ፈረሙለት። ወረቀቷን አራት ላይ አጥፎ የደረት ኪሱ ከተታትና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ነዳፊዋ ወንበሯ ላይ ቀረች። ደብተሩ ፊቷ ተዘርግቷል። ጋሼ ከሁሉም ቀድሞ አይቶታል፤ የእርሳሱ ጽሕፈት የማን እንደሆነም ያውቃል። ለቦርዱ የላከው ግን ካርታውን ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ተደብቃ የኖረች አንዲት ሜትር እንቅልፍ የነሳችው ሰው፣ ደብተሩን ለምን ደበቀ? እሷን ለማዳን ነው? ነውስ ከሆነ፣ ዘጠነኛው አንቀጽ ለዚህ ምን ይላል? ወይስ ፊርማው የእሱ ከሆነ ወዲያ ደብተር ምን ያደርጋል ብሎ፣ እንዲያው ሳያስበው የቀረ ነው? አንዱን ከአፉ ካልሰማች እንደማታርፍ ገባት።

ብድግ ብላ ሮጠች። አሳንሰሩ ተበላሽቷል፤ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወረደች። መንገዱ ማዶ ሚሊሜትር የራሱን የብረት ሜትር በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ወደ ጋራዡ ሰፈር የሚሄደው ሚኒባስ ላይ አንድ እግሩን አሳርፏል። «ጋሼ!» ብላ ተጣራች። አንድ የጭነት መኪና በመሃላቸው አለፈ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» የሚለው ገና ምላሷ ላይ እያለ በሩ ተዘጋ፤ ሚኒባሱም ታጠፈ።