የእናቴን ጥላ ይዤ ወደ ክብራን

ባሕር ዳር ለወላጆቼ አገር ቤት ነው፤ ለኔ ግን ውጭ አገር ነው። የተወለድሁት ጅቡቲ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። አማርኛዬ ግን የጎጃም ነው። እናትና አባቴ ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ሌላ ንብረት ስላልነበራቸው እሱን አጥብቀው ይዘውታል። ስሜ ካሳነሽ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ።

የመጣሁበትን ጉዳይ ላስቀድም። እናቴ ከኔ በፊት ሦስት ልጆች ቀብራለች። እኔን ስታረግዝ ጣና ላይ ላለው ለክብራን ገብርኤል ተሳለች። «ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ፣ ቢያድግልኝ፣ ጥላ አስይዤ ደጅህ እልከዋለሁ» አለች። የተወለድሁት እኔ ሆንሁ። ክብራን ደግሞ የወንዶች ገዳም ነው፤ ደሴቱን ሴት አትረግጠውም። እናቴ እንግዲህ ምን ታድርግ? ልጇን እንዳትልክ ደሴቱ ሴት አያስገባም፤ ስለቱን እንዳትተወው ልጅቱ በሕይወት አለች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የታኅሣሥ ገብርኤል በመጣ ቁጥር ቀኑን ስትተክዝ ትውል ነበር። አምና ልትሞት ስትል እጄን ያዘችና፣ «ጥላውን ስፊልኝ፤ ሰፍተሽም አንድ ወንድ ፈልገሽ ላኪልኝ» አለችኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። ስንት ልጅ እንዳለው ሲጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ወንድ እንኳ የለኝም፤ አንዲት ሴት አለች» ይላል። በክፋት አይደለም። ቢሆንም ጆሮዬ እዚያው ነበር፤ ወንድ ተለምኖ የመጣሁ ሴት መሆኔን ረስቼው አላውቅም።

ስለዚህ ከህንዱ ሱቅ ሐምራዊ ከፋይና የወርቅ ዘርፍ ገዝቼ ጥላውን ሰፍቼ ስጨርስ፣ ወንድ ፍለጋ አልወጣሁም። ለኔ የተሳለችውን እኔው በእጄ አደርሳለሁ አልሁ። አባቴ፣ «ደሴቱ ጋ ስትደርሺ ክንፍ ልታበቅይ ነው?» አለኝ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ፣ «ምን አደከመሽ፣ ቁልቢ ድሬዳዋ አጠገብ እያለልሽ! ገብርኤል እንደሁ አንድ ነው» አሉኝ። ገብርኤልስ አንድ ነው፤ እናቴ የተሳለችው ግን ለዚያኛው ደጅ ነው።

ደወሌ

ጥላውን በእናቴ ነጠላ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ነው ባቡር የተሳፈርሁት። ጠረፉ ላይ ደወሌ ስንደርስ አንድ ወጣት ወታደር ጥቅልሉን በጠመንጃው አፈሙዝ ነካ ነካ አደረገው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጥላ ነው።»

«ደመና በማይታይበት በረሃ ጥላ! ፍቺው።»

«ተው ወንድሜ፣ እዚህ አይዘረጋም።»

«ፍቺው አልሁ እኮ!»

ፈታሁለት። እሱም አላወቀም፣ እጀታውን ይዞ ወደ ላይ ገፋው። ጥላው ቦግ ብሎ ተዘረጋ፣ የወርቁ ዘርፍ በፀሐዩ አብለጨለጨ። የቤተ ክርስቲያን ጥላ መሆኑን ያዩት ሴቶች ከባቡሩ መስኮት ሁሉ እልልታቸውን አቀለጡት። ወታደሩ ከነጠመንጃው ከጥላው ሥር ቆሞ፣ ከኋላው የአብዮቱ መፈክር በትልቁ ተጽፎ፣ የሚገባበት ጠፋው። «እጠፊው፣ ቶሎ እጠፊው እባክሽ!» አለኝ። ሳስረው ግን ጎንበስ ብሎ፣ «የት ነው የምታደርሺው?» አለኝ። ነገርሁት። «ሴት አያስገቡም እኮ» አለና አለፈ። እስከ ድሬዳዋ ድረስ ያቺ ቃል ከጆሮዬ አልወጣችም።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ አውቶቡሱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ደብረ ማርቆስ አደርን። የይለፍ ወረቀቴ ስንቴ እንደታየ አልቆጥርም። ባሕር ዳር ያረፍሁት በአባቴ የአክስት ልጅ በእትዬ የሻረግ ቤት ነው። እትዬ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ፈታይ ናት፤ ፈገግታዋ አያልቅም፣ ምላሷም አያልቅም። አንድ ልጇ ደሳለኝ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣላትም። አልጋውን ለኔ ለቀቀችልኝ፤ አንሶላውን ግን በየጧቱ ራሷ ነበር የምታነጥፈው።

ጢስ ዓባይን አሳየችኝ፣ ገበያውን አዞረችኝ። በሄድንበት ሁሉ «የጅቡቲዋ ልጄ» እያለች ነበር የምታስተዋውቀኝ። የቀረኝ አንድ ቀን ብቻ ሆነ። ወረቀቴ በማግሥቱ እንድመለስ ያዝዛል፤ ያ የመጨረሻ ቀን ደግሞ ራሱ የታኅሣሥ ገብርኤል ነበር።

ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ያነጋገርኋቸው ባለ ጀልባዎች ሁሉ፣ «አንቺ ምን ያደክምሻል፣ ስጪኝና ላድርስልሽ» ነበር የሚሉኝ። ጋሽ አያልነህ ብቻ፣ ሽበታቸውን እያከኩ፣ «እወስድሻለሁ። ከጀልባዬ ግን አትወርጂም፤ ከወረድሽ እኔም መነኮሳቱም አንተያይም» አሉ። የጀልባውን ዋጋ ስጠይቃቸው፣ «በስለት ቀን ከስለተኛ ልቀበል? ገብርኤል ሞተሬን ያጥፋብኝ እንዴ!» ብለው ቱግ አሉ።

ጣና በጧት እንደ ረጋ ወተት ነው። ከደንገል ቄጠማ በተሠራ ታንኳቸው ላይ እንጨት የጫኑ ሰዎች ወደ ከተማው ገበያ ይቀዝፋሉ፤ እንጨቱ ከሩቅ ሲያዩት በውኃው ላይ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ጅቡቲ ያለው ባሕር ጨው ነው፤ ይኼ ግን የሚጠጣ ባሕር ነው። እጄን ነክሬ ቀመስሁት። እትዬ የሻረግ፣ «እንዳትጨርሽው፤ ዓባይ ይፈልገዋል» አለችኝ።

ጀልባው ውስጥ ጧፍና ዕጣን የያዙ ስምንት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት እኔና እትዬ ብቻ። እትዬ እንኳ የመጣችው እኔን ለመሸኘት ነው ብላኛለች።

ሁለት ሰዓት፣ ክብራን

ደሴቱ ከላይ እስከ ታች ዛፍ የለበሰ ጉብታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከአናቱ ላይ ነው፤ ከውኃው ላይ ሆነው አይታይም፤ ከበሮው ብቻ ይሰማል። ጋሽ አያልነህ ጀልባውን ከድንጋዩ መውረጃ አስጠጉ። ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ። እኔ ጥላዬን አቅፌ ከጀልባው ጫፍ ቆምሁ። በኔና በደሴቱ መካከል አንድ እርምጃ ነበር የቀረው።

አንድ ዲያቆን እጁን ዘረጋልኝ። «ስጪኝ እህቴ፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው።»

«አልሰጥም» አልሁት።

«እንዴት?»

«እኔ ነኝ የማደርሰው። የሚቀበለኝ አባት ይምጣልኝ።»

ከወረዱት ወንዶች አንዱ፣ «ኧረ ምን ያለችው ግትር ናት!» አለ። እትዬ ነጠላዬን ጎተተችኝ። «ስጪው እንጂ ልጄ፣ በበዓል ቀን አታሳፍሪን።» ጋሽ አያልነህ ግን ሞተሩን አጠፉ። ካልተቀበሉኝ ጥላውን አቅፌ ጅቡቲ መመለሴ ነው፤ ለዲያቆኑ ከሰጠሁት ደግሞ ያደረሰው ወንድ ይሆናል፣ እኔም እንደዚያው ወንድ ተለምኖ የመጣሁ ሴት ሆኜ እቀራለሁ።

ዲያቆኑ እየተነጫነጨ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ ወረዱ። አባ ገብረ ሕይወት ይባላሉ። መውረጃው ድንጋይ ላይ ይቆማሉ ስል፣ ባዶ እግራቸውን ውኃው ውስጥ አስገብተው እስከ ጀልባው ድረስ መጡ።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከጅቡቲ ነኝ አባታችን።»

«ስለቱ የማን ነው?»

ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሦስቱን ሙታን፣ የተለመነውን ወንድ፣ የተወለድሁትን እኔን፣ የእናቴን ሃያ ስምንት ዓመት። መሀል ላይ ዕንባዬ አሸነፈኝ። «እናቴ ወንድ ፈልገሽ ላኪ ብላኝ ነበር፤ እንቢ ብዬ ነው የመጣሁት። አጥፍቼ ከሆነ እርስዎ ይፍቱኝ» አልኋቸው።

አባ መቋሚያቸውን ውኃው ውስጥ ተከሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«እኔ እዚህ ደሴት ላይ ነው ያረጀሁት። ወንድ ስጠን ብለው የተሳሉ፣ ወንድም የተሰጣቸው እናቶች ብዙ አይቻለሁ። ከነዚያ ወንዶች መካከል የእናቱን ስለት ይዞ እዚህ ድንጋይ ላይ የቆመ ጥቂት ነው፤ አድገው ረሱት። አንቺ ግን ማንም ሳያስገድድሽ ከጠረፍ ማዶ ይዘሽ መጣሽ። እናትሽ የለመነችው ስለቷን የሚያደርስላት ልጅ ነበር፤ እሱኑ ነው የሰጣት። በይ አምጪው።»

ነጠላውን ፈታሁ። እጃቸውን ዘረጉ፤ እጀታውን እሳቸው ያዙት፣ ጫፉን ግን ወዲያው መልቀቅ አቃተኝ። እሳቸውም አልጎተቱኝም፤ እስክለቅ ድረስ ጠበቁኝ።

ያኔ ነው እትዬ የሻረግ ከኋላዬ ድንገት የጮኸችው። «አባታችን! እኔም ወንድ ለምኜ ተሰጥቶኝ ነበር። ይኸው ወሰዱብኝ፣ ወሬውም ጠፋብኝ!» ሰው ሁሉ ወደ ውኃው አቀረቀረ፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አይነገርም ነበር። አባ፣ «ክርስትና ስሙን ንገሪኝ» አሏት።

«ወልደ ሚካኤል።»

«በጸሎት አስበዋለሁ።»

እትዬ ፊቷን ጠረገች። «ከተመለሰልኝ እሱ ራሱ ጥላ ይዞ ይመጣል» አለች። ከዚያ እኔን አየት አደረገችኝና፣ «እሱ ባይመጣ እኔ አመጣለሁ» አለች። ልትሸኘኝ ብቻ አለመምጣቷን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ቆይቶ ከላይ ዛፎቹ መካከል የታቦቱ ጉዞ ጀመረ። ከውኃው ላይ የሚታየው ቁርጥራጭ ነበር፤ ነጭ ልብስ፣ የጥላዎች ቀለም። ጋሽ አያልነህ በጣታቸው፣ «ያውልሽ፣ ሐምራዊው!» ሲሉኝ አየሁት። የኔ ዘርፍ ነው፤ በመርፌ ጣቴን ስንቴ የወጋሁበት። እኔና እትዬ ከጀልባው ላይ እልል አልን። ሌላ ሴት አልነበረም፤ የሁለታችን ድምፅ ግን ደሴቱን የዞረው መሰለኝ።

ከቀትር በኋላ

ስንመለስ ጋሽ አያልነህ፣ «የመጨረሻ ቀንሽ አይደል?» ብለው ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት አዞሩን። ውኃው ሳይናገር ነው ከሐይቁ የሚለየው። ጉማሬ ጆሮዋን ብቅ አድርጋ አየችንና ተመልሳ ገባች። ልቤ እንደዚያን ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። እናቴ ያቺን ውኃ በልጅነቷ አይታት ይሆናል ብዬ በሷ ምትክ ሁለቴ አየሁላት።

እትዬ ቤት ፋብሪካ አብረዋት የሚሠሩ ጎረቤቶች ተሰብስበው ጠበቁን። ወሩ የነቢያት ጾም ነው፤ በማዕዱ ላይ ሽሮ፣ ምስር፣ ከዚያም አንድ ትልቅ የጣና አሳ ነበር። አሳው ክርክር አስነሣ። አንዷ፣ «አሳ በዚህ ጾም አይበላም!» ስትል እትዬ፣ «ጣና ዳር ተወልደሽ ቢሆን ኖሮ ይበላ ነበር» ብላ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተችላት። ጠላው ተቀዳ፤ ጨፈርን፣ አጨበጨብን። እትዬ ስትጨፍር አንድ ጊዜ ብቻ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደሳለኝን ፎቶግራፍ አየት ስታደርግ አየኋት።

በማግሥቱ ጧት አውቶቡስ ተራ ሸኘችኝ። ባዶውን የእናቴን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። «ደሳለኝ ሲመጣ ጥላውን ጠቅልይበት» አልኋት። አንገቴን አቅፋ መልቀቅ አቃታት። የዚያን ቤት ውለታ ከፍዬ አልጨርሰውም፤ ያለኝ ምስጋና ብቻ ነው፣ እሱንም ይኸው እዚህ እጽፈዋለሁ።

ቤት

ደወሌ ላይ ያው ወታደር ነበር። ባዶ እጄን አይቶ ቆመ። «ተቀበሉሽ?» አለኝ። «ተቀበሉኝ» አልሁት። ወረቀቴን ሳያነብ ማኅተሙን መታልኝ።

ጉዞ ምን አስተማረሽ ቢሉኝ፣ የእናቴን ሸክም ላወርድላት ሄጄ የራሴን አውርጄ መመለሴን ነው የምናገረው። ይህን ለአባቴም ነገርሁት። ቤት ስደርስ ደጃፉ ላይ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥባት ወንበር ላይ ነበር። «ማን አደረሰልሽ?» ሲለኝ፣ «እኔው ነኝ» ብዬ አባ ያሉትን ቃል በቃል ነገርሁት። ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ቅዳሜ ከድሬዳዋ የመጣ አንድ የባቡር ሰው ሊጠይቀው መጣ። እኔ ከጓዳ መኪናዬ ላይ ሆኜ እሰፋለሁ። እንግዳው እንደ ወጉ፣ «ለመሆኑ ስንት ልጅ አለዎት?» አለው። እግሬ መርገጫው ላይ ቆመ፤ መልሱን አውቀዋለሁና።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅ አለኝ» አለ። «የእናቷን ስለት ክብራን ድረስ ወስዳ አድርሳ የመጣች። ካሳነሽ! ነይ ውጪ፣ እንግዳ ሰላም በይ።»