መሬት የነካች ኳስ

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አስታምም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በዊልቸር ወደ ሜዳ እወስዳቸዋለሁ። እዚያ ጎልማሶች የድሮ ልብስ ለብሰው፣ ጓንት ሳያጠልቁ፣ ቤዝቦል ሲጀመር በነበረው ሕግ ይጫወታሉ። ሽማግሌው በደህናቸው ጊዜ ዳኛቸው ነበሩ።

የዚያን ቅዳሜ ግን ልቤ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ወንድሜ በመኪና አደጋ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ከተኛ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ኦፍ ብጠይቅ የሚተካሽ የለም ተባልኩ። ዊልቸሩን እንኳ የምገፋው በንዴት ነበር።

ከወንዙ የተነሳው ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ተጫዋቾቹ ከወገብ በታች አይታዩም። ባርኔጣ ያጠለቀው ዳኛ ሰው በወጣ ቁጥር ድምፁን ሳያነሳ "አንድ ሞተ" ይላል። ቆይቶ ደግሞ "ሁለት ሞቱ።" ሽማግሌው እንዳስረዱኝ በድሮው ሕግ ከጨዋታ የወጣ ሞተ ይባላል፤ ኳሷ አንዴ ነጥራ ብትቀለብ እንኳ መቺው ሟች ነው። ሟርታችሁን ለራሳችሁ አልኩ በሆዴ።

እኛም ልጆች ሆነን በካልሲ ኳስ ስንጫወት የተመታ ይሞት ነበር። ግን ኳሷን የቀለበ ነፍስ ያገኛል፤ በዚያች ነፍስ የሞተ ጓደኛውን ያስገባል። ወንድሜ ነፍሱን ሁልጊዜ የሚሰጠው ለእኔ ነበር።

ይህን ሳስብ ኳሷ ከጉሙ ውስጥ መጣች። አንዴ እግሬ ስር ነጥራ ስትነሳ በባዶ እጄ ቀለብኳት። መዳፌ ነደደ። ሳላስበው "ነፍስ" አልኩ በአማርኛ።

"ምን አልሽ?" አሉ ሽማግሌው። ጨዋታችንን ነገርኳቸው። ኳሷን ትንሽ አዩና እጃቸውን ዘረጉ።

"እንግዲያው ለእኔ ስጪኝ።"

ፊታቸውን አየሁ፤ እየቀለዱ አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ኳሷን ደረቴ ላይ ለጠፍኳት።

"አይሆንም፤ የወንድሜ ናት።"

እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ብርድ ልብሳቸው መለሱ። ዳኛው በጉሙ ተጫዋች የቀለባት መስሎት ይሁን እንጃ፣ "ሦስት ሞቱ" አለ። ያኔ ፈራሁ።

ኳሷን መልሼ ቤት ሳንደርስ እናቴ ኮል አደረገችኝ፤ ወንድሜ ዓይኑን ገልጧል። ሰኞ ጠዋት የሽማግሌው ልጅ ደወለች። እሑድ አርፈዋል፣ አትምጪ አለችኝ።

ወንድሜ ዛሬ ጌይተርስበርግ ይኖራል፣ ልጆችም አሉት። ይህን ታሪክ ሽማግሌው የለመኑኝን ዘልዬ ነው የምነግረው። ሁሌም ይስቃል።

"መሬት ከነካች ነፍስ አይደለችም እኮ፤ ነክታ ነበር?" ይለኛል።

"አልነካችም" እለዋለሁ።