መርከበኛው አሞራ ገደል የወረደ ዕለት

ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ሲንተከተክ የሚያወጣው ጎምዘዝ ያለ ሽታ አለ። በቀደም ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራዋ ሙጫ አልቆባት እኔው ዱቄት በጥብጬ ሳማስልላት፣ ያ ሽታ ከድስቱ ተነስቶ፣ ሳያስፈቅደኝ፣ በደርግ ዘመን አዋሳ እንላት ወደነበረችው ከተማ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ይዞኝ ሄደ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ የሰው መጽሐፍ የምጠግነው በዚህ ሙጫ ነበር። እጠግን ነበር ስል በትህትና ነው፤ እጨርሰው ነበር ማለት ይሻላል።

በበጋ፣ ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅሁ፣ ፒያሳ መጽሐፍ ወደሚያከራዩት ጋሽ ሱልጣን ዘንድ እሮጥ ነበር። መጽሐፎቻቸው በስንት እጅ አልፈው የመጨረሻ ገጾቻቸው ተገንጥለው አልቀዋል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መጨረሻ የለውም» ስላቸው፣ «ጎበዝ አይደለሽ እንዴ፣ ገምቺዋ» ብለው ይስቁብኝ ነበር። ጎበዝ የተባለን ልጅ ማን ያቆመዋል፤ ከደብተሬ ወረቀት ገንጥዬ፣ ደስ ያለኝን መጨረሻ ጽፌ፣ በዱቄት ሙጫ ለጥፌ እመልስላቸው ጀመር፣ እሳቸውም ምንም ሳይመስላቸው ያከራዩት ነበር። እንዲያውም አንዳንዱ ተከራይ «በእጅ የተጻፈው አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ሲባል ሰምቼ፣ ሰፈር ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ጀመርኩ።

በልግ ሲገባ ዋነኛዋ አድማጬ እትዬ አስካለ ነበሩ። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ታደለ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀታቸውን ከታደለ ፎቶ ጎን ሰቅለውታል፣ ግን «ዓይኔን ደከመኝ» እያሉ እኔን ያስነብቡኝ ነበር። እሳቸው ምስር ይለቅማሉ፣ እኔ አነባለሁ። ያን ሰሞን የያዝኩት የትርጉም ልብ ወለድ ነበር፤ አንዲት የወደብ ከተማ ሴት መርከበኛ ልጇን ትጠብቃለች። መርከቡ ማዕበል ውስጥ እንደገባ ወረቀቱ አለቀ። እትዬ አስካለ እጃቸው ምስሩ ላይ እንደቆመ፣ «ልጁስ?» አሉኝ።

«ነገ ነው የሚያልቀው» ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ባሕር አይቼ አላውቅም፣ የማውቀው ውሃ ሐይቃችንን ነው፤ ስለዚህ መርከቡን አምጥቼ ዓሣ ከሚሸጥበት የሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አቆምኩት። አባ ኮዳ የምንላቸው ረጃጅም ወፎች ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ እንደ ቀበሌ ሊቀመናብርት ኮታቸውን አጥልቀው ተሰልፈው ተቀበሉት። እናቱም አቅፋ ስማ ስትጨርስ፣ ዕለቱ ማክሰኞ ነውና፣ የራሽን ካርዱን ሰጥታ የቀበሌ ሱቅ ለስኳር እንዲሰለፍ ላከችው። በማግስቱ ሳነብላቸው እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «ይሄ ፈረንጅ አገራችንን ደህና አድርጎ ያውቃታል፤ ስኳር የሚታደለው ግን ቅዳሜ ነው» አሉ። ቤት ገብቼ ማክሰኞን ፍቄ ቅዳሜ አደረግሁት፣ በሌላ ቀን ሳነብላቸው «አሁን ተስተካከለ» ብለው አለፉ። እኔ ሞኟ አታለልኳቸው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ያንኑ መጨረሻ ያስነብቡኝ ነበር።

ክረምት ላይ አባባ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ አግኝቶ የጻፍኩትን አነበበው። የጂኦግራፊ መምህር ስለነበረ ከሁሉ በፊት ያናደደው የመርከቡ ነገር ነው። «ሐይቁ ወደ ባሕር መውጫ የለውም፤ በየት በኩል ገባ?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «በእውነተኛው መጽሐፍ ልጁ እኮ ሞቷል። የሞተ ሰው አስነስተሽ ለስኳር ታሰልፊያለሽ?» አለ። አባባ ቀልድ አያውቅም ነበር፣ የሰው ድርሰት መንካት ደግሞ ለእሱ ከሌብነት አይተናነስም። ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን ቅጂ አምጥቶ፣ ሄጄ ለእትዬ አስካለ እውነተኛውን እንዳነብላቸው አዘዘኝ። «ከታደለ ደብዳቤ እንዳልመጣ ታውቅ የለም?» ብዬ አለቀስኩ።

«እንግዲያው እኔው አነባለሁ» ብሎ ጃንጥላውን አንስቶ ወጣ፣ እኔም እያለቀስኩ ተከተልኩት።

እትዬ አስካለ ወንበር አቀረቡለት። አባባ ሙሉው መጽሐፍ እንደተገኘ ነገራቸው፣ እሳቸውም ከታደለ ፎቶ ሥር ተቀምጠው፣ «እሺ፣ ያንብቡልኝ መምህር» አሉት። አባባ ከመጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ገልጦ ጉሮሮውን ጠረገ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቀና ብሎ ፎቶውን አየ፣ ከአጠገቡ ያለውን የምስክር ወረቀት አየ፣ ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። በመጨረሻ፣ ክፍል ውስጥ በሚያስተምርበት ድምፅ፣ «መርከቡም አሞራ ገደል ደረሰ» ብሎ ጀመረ።

አባ ኮዳዎቹን አልዘለለም፣ ስኳሩንም በቅዳሜው አስታወሰው። እንዲያውም እኔ ያልጻፍኩትን ጨመረበት፤ ልጁ ብዙ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፣ መንገድ ላይ ዘግይቶ ነው እንጂ አልረሳትም፣ አለ። አባቴን የዚያን ዕለት ያህል ወድጄው አላውቅም።

እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡት። ሲጨርስ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «መምህር፣ አልፎ አልፎ እንኳ ገጹን ይግለጡት እንጂ» አሉት።

አባባ ደንግጦ አንድ ገጽ ገለጠ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ነገም ነይና አንቢልኝ» አሉኝ፣ እኔም በማግስቱ ሄድኩ፣ በሦስተኛው ቀንም ሄድኩ፤ ታደለ በሚቀጥለው ዓመት እግሩ ቆስሎ እስኪመጣ ድረስ ስሄድ ነበር።

ዛሬ ልጄ የምታየው ተከታታይ ድራማ መጨረሻ ካልጣማት ስልኳ ላይ እንደገና ትጽፈዋለች፣ የማታውቃቸው ሰዎች ከየአገሩ የልብ ምልክት ይልኩላታል። ጎበዝ ናት፣ ከእኔ ትሻላለች፤ መርከብ ሐይቅ ውስጥ አታስገባም። በቀደም ሙጫውን እያማሰልኩ፣ ለማን እንደምትጽፍ ጠየቅኳት።

«ለሁሉም» አለችኝ።

እኔ ያኔ ለአንዲት እናት ነበር የምጽፈው፤ እውነት አለመሆኑን እያወቁ ያስነብቡኝ ነበር።